ፀጉርሽ እየሳሳ ከሆነ፦ ከምርመራ እስከ ንቅለ ተከላ ደረጃ በደረጃ

ፀጉሯ መሳሳት የጀመረባት ሴት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምታደርገው ቅባት መቀየር ነው፣ ከዛ ሻምፖ፣ ከዛ ቫይታሚን፣ እነዚህ ሁሉ አልሰራ ሲሏት ደሞ ቀጥታ ንቅለ ተከላ ላይ ታርፋለች። መሃል ላይ የዘለለችው ጥያቄ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ነው፣ ይሄ ፀጉር የሚሳሳው በምን ምክንያት ነው? ወንዶች ላይ አብዛኛው መመለጥ አንድ አይነት ነው፣ ሴት ላይ ግን አምስት ስድስት አይነት አለ፣ አንዱን የሚያድነው ሌላውን አይነካውም፣ አንዳንዱ ላይ እንደውም ንቅለ ተከላ ነገሩን ያባብሰዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቀሽ ሂጂ፣ እኔም በዛው ቅደም ተከተል ነው የምፅፈው።

ደረጃ 1፦ የት ጋ እና እንዴት እንደሳሳ እዪ

ጥሩ ብርሃን ያለበት ቦታ ሁኚ፣ ፀጉርሽ ደረቅና ቅባት ያልነካው ይሁን፣ መሃል ለመሃል ክፈይውና ከላይ ፎቶ አንሺ ወይ ሰው ያንሳሽ። ከዛ ግንባርሽን፣ ከጆሮሽ በላይ ያለውን፣ አናትሽን፣ ማጅራትሽን። ቀኑን ፅፈሽ አስቀምጪያቸው፣ በኋላ መድኃኒቱ ሰራ አልሰራም የሚለውን የሚፈርዱልሽ እነዚህ ፎቶዎች ናቸው፣ በየቀኑ መስታወት ላይ የምታይው ነገር ለውጡ አይታወቅሽም።

በነገራችን ላይ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፍ ጤነኛ ነው። ሹሩባ ተሰርተሽ ሁለት ሳምንት ከርመሽ ስትፈቺው እፍኝ የሚሞላ ፀጉር ቢወጣ የሁለት ሳምንቱ ርግፍ እዛው ተይዞ ቆይቶ ነው፣ አትደንግጪ።

አሁን ወደ አይነቶቹ። ፀጉርሽን የምትከፍይበት መስመር እየሰፋ፣ አናትሽ ላይ ቆዳው መታየት ከጀመረና የግንባርሽ መስመር ግን ባለበት ካለ፣ በዘር የሚመጣው የሴቶች መሳሳት የመሆን እድሉ ሰፊ ነው። ሉድቪግ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1977 በሶስት ደረጃ ከፍሎታል፣ እስካሁንም ሐኪሞች ሉድቪግ አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት እያሉ ይጠቀሙበታል። እዚህ ላይ ችግሩ ከመርገፍ ይልቅ መቅጠን ነው፣ የፀጉሩ ሥር እያነሰ ስለሚሄድ በየዙሩ የሚያበቅለው ፀጉር ከበፊቱ ያጠረና የቀጠነ ይሆናል። ከእናትም ከአባትም ወገን ሊመጣ ይችላል።

ሁሉም ቦታ እኩል እየረገፈ፣ ሚዶው ላይ፣ ሻወር ውስጥ፣ ትራስሽ ላይ እያገኘሽው ከሆነ ደሞ ወደኋላ ሁለት ሶስት ወር ቁጠሪና ያኔ ምን ገጥሞኝ ነበር በይ። ወሊድ፣ ከባድ ትኩሳት፣ ኦፕሬሽን፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መቀነስ፣ የወሊድ መከላከያ ማቆም፣ ከባድ ሀዘን፣ እነዚህ ሁሉ ብዙ ፀጉር በአንዴ ወደ እረፍት እንዲገባ ያደርጋሉ፣ እረፍቱ ሶስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ ርግፉ የሚመጣው ነገሩ ካለፈና ከተረሳ በኋላ ነው፣ ለዛ ነው ብዙ ሰው የማያገናኘው። ይሄኛው ምክንያቱ ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ገደማ ራሱ ጋብ ይላል። ከወለድሽ አራት ወርሽ ሆኖ ፀጉርሽ በእፍኝ እየወጣ ንቅለ ተከላ እንስራልሽ የሚልሽ ቦታ ካለ ተነስተሽ ውጪ።

ግንባርሽና ከጆሮሽ ጎን ያለው ጠርዝ ብቻ ከሆነ የሳሳው፣ ጠብቆ የሚሰራ ሹሩባ፣ ዊቪንግ፣ ተወጥሮ ወደኋላ የሚታሰር ፀጉር የሚያመጣው ነው። ጠርዙ ላይ ጥቂት ቀጫጭን ፀጉሮች ተርፈው ከኋላቸው ባዶ ከሆነ ይሄ በጣም የታወቀ ምልክቱ ነው። በጊዜ ከተተወ ይመለሳል፣ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ይሞትና ቦታው ጠባሳ ይሆናል።

ይሄን ቀጣዩን አደራ በደንብ አንብቢው። መሳሳቱ ከአናትሽ መሃል ጀምሮ ክብ እየሰራ ወደ ውጪ እየሰፋ ከሄደ፣ ማሳከክ ወይ ማቃጠል ወይ ሲነካ ማመም ካለው፣ ቆዳው ለስልሶ የሚያብለጨልጭ ከሆነና የፀጉር ቀዳዳው ከጠፋ፣ ጠባሳ የሚያመጣ አይነት ሊሆን ይችላል። ከነዚህ ውስጥ ሐኪሞች በአጭሩ ሲሲሲኤ የሚሉት አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸው ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ነው፣ አንዳንዷ ላይ ምንም ሳያማት፣ ሳያሳክካት ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ፀጉር ሰሪዋ ናት ቀድማ የምታየው። እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ጠባሳ የሆነ ሥር አይመለስም፣ ሕክምናው የቀረውን ማዳን ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ወር ዋጋ አለው። ሌላው ዘመዱ የግንባር መስመርን ቀስ እያለ ወደኋላ የሚገፋው ነው፣ ብዙ ጊዜ ወር አበባ ካቆመ በኋላ ይመጣል፣ ቅንድብም አብሮ ይሳሳል። ግንባሬ እየሰፋ ነው፣ ቅንድቤም እየሳሳ ነው የምትል ሴት ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ለሐኪም ትንገር፣ ለየብቻ ካወራቻቸው ሊያመልጥ ይችላል።

የቀረው ድንገት ሳንቲም አክሎ ልጥት የሚለው ነው፣ ብዙ ሰው ላሽ የሚለው፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ የፀጉሩን ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ። የሱ ሕክምና ፈፅሞ ሌላ ነው፣ ቦታው ላይ የሚወጋ ስቴሮይድ አለ፣ ለከባዱ ደሞ ባሪሲቲኒብ የሚባል ክኒን በአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2022 ፀድቋል። ለሱ ንቅለ ተከላ አያዋጣም፣ የተተከለውንም መልሶ ሊያጠቃው ይችላል።

ደረጃ 2፦ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ምን እንደምትጠይቂ አውቀሽ ግቢ

ቀድመሽ መሄድ ያለብሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ነው፣ ንቅለ ተከላ የሚሸጥ ቦታ ሁለተኛ ነው። ስትሄጂ ሹሩባሽን ፈተሽ፣ ዊግሽን አውልቀሽ ሂጂ፣ የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ ፅፈሽ ያዢ፣ ፎቶዎቹንም። ሐኪሙ ጥቂት ፀጉር ይዞ ቀስ ብሎ ይጎትታል፣ ደርሞስኮፕ በሚባል አጉሊ መነፅር ቆዳውን ያያል፣ ጠባሳ የሚያመጣ አይነት ከጠረጠረ ደሞ ናሙና ይወስዳል፣ ባዮፕሲ ማለት ነው፣ ቦታው ደንዝዞ 4 ሚሊሜትር ገደማ የምትሆን ክብ ቁራጭ ቆዳ ናት የምትወሰደው። ባዮፕሲ ሲባል ብዙዎች ይፈራሉ፣ እኔ ግን አናት ላይ የጀመረ መሳሳት ካለሽና ሐኪሙ ናሙና እንውሰድ ካለሽ እሺ በይ ነው የምለው፣ ያለሱ በግምት ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

ከደም ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት ፌሪቲን፣ ማለትም የተከማቸ አይረን፣ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ አንዳንዴ ቫይታሚን ዲ ናቸው። ሄሞግሎቢንሽ ጥሩ ሆኖ ፌሪቲንሽ ዝቅ ያለ ሊሆን ስለሚችል ደም ማነስ የለብሽም ብቻ ተብለሽ አትመለሺ፣ ፌሪቲኑን ለይተሽ ጠይቂ። ወር አበባሽ የሚዛባ፣ ፊትሽ ላይ ፀጉር የሚበዛ፣ ብጉር የማይለቅሽ ከሆነ ደሞ የወንድ ሆርሞን ምርመራ ይደረግ፣ ፒሲኦኤስ የሚባለው ከእንቁላል ማምረቻ ጋር የተያያዘ የሆርሞን መዛባት መኖሩም ይታይ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን የላብራቶሪ ውጤት ሊያዛባ ይችላል፣ ታይሮይድን ጨምሮ፣ ኤፍዲኤ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 አስጠንቅቆበታል። ስለዚህ ባዮቲን እየወሰድሽ ከሆነ ደም ከመስጠትሽ በፊት ለሐኪሙ ንገሪውና ስንት ቀን ማቆም እንዳለብሽ ይንገርሽ። ሌላው የሚገርመው ደሞ ቫይታሚን ኤ እና ሴሊኒየም ሲበዙ ራሳቸው ፀጉር ያረግፋሉ፣ ሁለት ሶስት አይነት የፀጉር ቫይታሚን አንድ ላይ መዋጥ ስለዚህ ጥሩ አይደለም። ምርመራው እጥረት አለ ካለ ያንን ተኪ፣ ካላለ አታባክኚ።

ደረጃ 3፦ ጉዳቱን አቁሚ

ይሄ አጭር ነው ግን ያለሱ የሚቀጥለው ሁሉ ከንቱ ነው። ሲሰራ የሚያም ሹሩባ ጠብቋል፣ በቃ፣ ነገ ይለምደዋል የሚባል ነገር የለም። ሥሩ ጋ ትንንሽ እባጭ ወይ ብጉር ከወጣ በዛው ቀን ይፈታ። በሪላክሰር የተዳከመ ፀጉር ላይ የሚከብድ ዊቪንግ መጨመር ጉዳቱ ድርብ ነው፣ በማጣበቂያ የሚለጠፈው ዊግ ደሞ ጠርዙን ይዞት ይነሳል። ለጥቂት ወራት ላላ ያለ ነገር ተሰሪ፣ ፒያስትራና የሚያቃጥል ካስክ ቀንሺ፣ ፎሮፎር ካለ ይታከም።

ደረጃ 4፦ መድኃኒቶቹ

ዋናው ሚኖክሲዲል ነው። መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፣ የሚወስዱት ሰዎች ሰውነታቸው ላይ ፀጉር ሲበዛ ታይቶ ነው ወደ ራስ ቅባትነት የመጣው። ለሴቶች 2 ፐርሰንቱ ፈሳሽ በቀን ሁለቴ፣ 5 ፐርሰንቱ ፎም፣ ማለትም አረፋው፣ በቀን አንዴ ነው የሚደረገው። አደራረጉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፀጉሩን መቀባት አይደለም፣ ደረቅ ቆዳው ላይ ነው መድረስ ያለበት፣ ስለዚህ ፀጉሩን መስመር መስመር እየከፈልሽ ቆዳው ላይ አድርጊና በጣትሽ ዳብሺው፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ከመተኛትሽ በፊት ይድረቅ፣ ካልደረቀ ትራሱ ላይ ሄዶ ከዛ ፊትሽ ላይ ያርፋል፣ ፊት ላይ ፀጉር የሚያወጣው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ቤት ውስጥ ድመት ካለሽ በጣም ተጠንቀቂ፣ ለድመት መርዝ ነው፣ ጠብታ እንኳን እንድትልስ አታድርጊ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉርሽ ከበፊቱ በላይ ሊረግፍ ይችላል። ብዙዎች እዚህ ላይ ነው ደንግጠው የሚጥሉት፣ ያረጁት ፀጉሮች ለአዲሶቹ ቦታ እየለቀቁ ስለሆነ ነው፣ በወር በሁለት ወር ይቆማል። ውጤት ለማየት ከአራት እስከ ስድስት ወር ታገሺ፣ በደንብ ለመፍረድ ደሞ ዓመት። ከሰራልሽ የምትቀጥይው ነው፣ ካቆምሽው ያመጣልሽ ፀጉር በጥቂት ወራት ውስጥ ይሄዳል። ይሄን ከመጀመሪያው አውቀሽ ግቢ እንጂ ስድስት ወር አድርጌ እተወዋለሁ ብለሽ አትጀምሪ። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ አይሆንም።

አሁን አሁን ሐኪሞች ሚኖክሲዲልን በጣም በትንሽ መጠን በክኒንም ያዛሉ፣ ቅባቱ ለማይመቻት ጥሩ አማራጭ ነው፣ ግን የልብ ምት ሊጨምር፣ እግር ሊያብጥ፣ ፊትና ክንድ ላይ ፀጉር ሊበዛ ስለሚችል ያለ ሐኪም ፈፅሞ አትሞክሪው፣ የግፊት ክኒን መሆኑን አትርሺ። ስፓይሮኖላክቶን ደሞ የወንድ ሆርሞንን ሥራ የሚያግድ ነው፣ በተለይ ፒሲኦኤስ ላለባት ይታዘዛል፣ የወንድ ፅንስ ሊጎዳ ስለሚችል አብሮ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ያስፈልጋል፣ ፖታሲየምም ሊጨምር ስለሚችል ክትትል አለው። ፊናስቴራይድ ለወንዶች እንጂ ለሴቶች የፀደቀ አይደለም፣ አንዳንድ ሐኪም ወር አበባ ላቆመች ሴት ሊያዝ ይችላል፣ ነፍሰ ጡር ግን የተሰበረውን ክኒን በእጇም መንካት የለባትም።

ፒአርፒ ከራስሽ ደም የሚዘጋጅ ነው፣ ደም ይወሰዳል፣ በማሽን ይሽከረከራል፣ ፕሌትሌት፣ ማለትም ደም የሚያረጉት ሴሎች፣ የበዛበት ክፍል ተለይቶ ራስ ቆዳ ላይ ይወጋል፣ ብዙ ጊዜ በወር ልዩነት ሶስት አራት ጊዜ ከዛ በየስድስት ወሩ ገደማ ማጠናከሪያ። አንዳንዷ ላይ ጥሩ ውጤት ይታያል፣ አዘገጃጀቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ግን ውጤቱም ይለያያል፣ ብቻውን ከሚኖክሲዲል በፊት መጀመሩን አልመክርም። ዝቅተኛ ሌዘር የሚያወጡ ማበጠሪያና ኮፍያዎችም አሉ፣ ቀለል ያለ እገዛ ናቸው፣ በሳምንት ብዙ ጊዜ ለወራት መጠቀም ይፈልጋሉ።

ደረጃ 5፦ ንቅለ ተከላ ላንቺ ይሆናል?

ንቅለ ተከላ አዲስ ፀጉር አይፈጥርም፣ ከማጅራት አካባቢ ያለውን ወደ ሳሳው ቦታ ማዛወር ነው። የሚሰራውም የማጅራቱ ፀጉር የትም ቢሄድ ጠባዩን ይዞ ስለሚሄድ ነው። እና የሴቶች ዋና ጣጣ እዚህ ጋ ነው ያለው፣ ወንድ አናቱ ተመልጦ ማጅራቱ ጠንካራ ሆኖ ይቀራል፣ ብዙ ሴቶች ላይ ግን ማጅራቱም አብሮ ይሳሳል። እየቀጠነ ያለ ፀጉር ነቅለሽ ብትተክይው ሄዶም ይቀጥናል። ስለዚህ ከምንም በፊት ሐኪሙ ማጅራትሽንና ከጆሮሽ በላይ ያለውን በአጉሊ መነፅር አይቶ ስንቱ ፀጉር ወፍራም ስንቱ እየቀጠነ እንደሆነ ይንገርሽ። ይሄን ሳያይ በፎቶ ብቻ ይህን ያህል ሺህ ግራፍት፣ ማለትም ከነሥሩ የሚተከል የፀጉር ቁራጭ፣ ያስፈልግሻል የሚል ሰው እየሸጠ ነው እንጂ እየመረመረ አይደለም።

በደንብ የሚሆንላቸው እነማን ናቸው? በሹሩባ ጠርዛቸው ሄዶ መወጠሩን ካቆሙ የቆዩ፣ ከተፈጥሮ ግንባራቸው ሰፊ የሆነ፣ የቃጠሎ ወይ የኦፕሬሽን ጠባሳ ያለባቸው፣ እና በዘር የመጣ መሳሳት ኖሯቸው ማጅራታቸው ግን ጠንካራ የሆነ። ጠባሳ የሚያመጣው አይነት ያለባት ሴት በሽታው ቢያንስ ለአንድ ሁለት ዓመት ተኝቶ መቆየቱ መረጋገጥ አለበት፣ ያኔም ሐኪሙ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ ቢያይ ይሻላል። በሽታው ንቁ እያለ ከተሰራ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

ሁለት መንገድ አለ። ኤፍዩቲ የሚባለው ከማጅራት ቀጭን የቆዳ ሰቅ ተቆርጦ በአጉሊ መነፅር ወደ ግራፍት የሚከፋፈልበት ነው፣ ቀጭን መስመር ጠባሳ ይተዋል፣ ረጅም ፀጉር ይሸፍነዋል፣ ፀጉርሽም አይላጭም። ኤፍዩኢ አንድ በአንድ 1 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ መሳሪያ የሚወጣበት ነው፣ የነጠብጣብ ያህል ጠባሳ ነው የሚተወው፣ ግን የሚነቀልበት ቦታ ብዙ ጊዜ በሙሉ ወይ በከፊል መላጨት አለበት። ማስታወቂያው ሁሉ ኤፍዩኢ ዘመናዊ ስለሆነ ይሻላል ይላል፣ ለሴት ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም፣ ፀጉርሽን አስረዝመሽ የምትይዢ ከሆነ ኤፍዩቲ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይመቻል። ከርዳዳ ፀጉር ካለሽ ደሞ የሚከተለውን በደንብ ያዢው፣ ፀጉሩ ከቆዳው በታችም ጠምዘዝ ስለሚል ልምድ የሌለው ሰው በኤፍዩኢ ሲያወጣው ሥሩን መሃሉ ላይ ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠ ሥር ደሞ አይበቅልም። ስለዚህ እንደኔ አይነት ፀጉር ላይ ስንት ሰርተሃል፣ ከዓመት በኋላ ያለውን ፎቶ አሳየኝ በይ። ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ በላይ እያበጠ የሚያድግ ጠባሳ፣ የሚወጣብሽ ከሆንሽም ቀድመሽ ተናገሪ። ጥቅሙ ግን ከርዳዳ ፀጉር ሲበቅል ብዙ ቦታ ስለሚሸፍን በትንሽ ግራፍት ጥሩ ይታያል።

ክሊኒክ ስትመርጪ ዋናው ጥያቄ ማን ነው የሚቆርጠው የሚለው ነው። የዓለም አቀፉ የፀጉር ቀዶ ሕክምና ማህበር፣ አይኤስኤችአርኤስ፣ ፈቃድ የሌላቸው ቴክኒሻኖች ቀዶውን ስለሚሰሩባቸው ቦታዎች ለዓመታት እያስጠነቀቀ ነው። ግራፍቱን ማን ያወጣል፣ ቀዳዳውን ማን ይከፍታል፣ ሐኪሙ በቀን ስንት ሰው ይሰራል ብለሽ በስም ጠይቂ፣ በጽሑፍ ይስጡሽ።

ደረጃ 6፦ ቀኑና ከዛ በኋላ

አስፕሪንና ደም የሚያቀጥን ነገር ካለ ሐኪሙ እንዳለው አስተካክዪ፣ በራስሽ አታቁሚ። ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነ ከፊትም ከኋላም ሳምንታት ተዪ፣ ደም ወደ ቆዳው በደንብ እንዳይደርስ ያደርጋል። ቀኑን የሚቆለፍ ሸሚዝ ልበሺ፣ በራስ የሚወጣ ቲሸርት አይሆንም። ራስሽ ይደነዝዛል፣ የሚያመው የማደንዘዣው መርፌ ነው፣ ከዛ ለሰዓታት መቀመጥና መተኛት ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሌሊቶች ራስሽን በትራስ ከፍ አድርገሽ በጀርባሽ ተኚ፣ የተተከለውን አትንኪ፣ አታሽሺ። ግንባርሽና ዓይንሽ ዙሪያ በሶስተኛ አራተኛው ቀን ቢያብጥ የተለመደ ነው፣ ይወርዳል። እጥበቱ መቼና እንዴት እንደሚጀመር ክሊኒኩ የሚነግርሽን ተከተዪ፣ ቅርፊቱ በሳምንት እስከ አስር ቀን ራሱ ይለቃል፣ በጥፍርሽ አታንሺው። የሚጨምር ሕመም፣ መግል ወይ ትኩሳት ካየሽ ግን ነገ ሳትዪ ደውዪ። ሻሽ የምታስሪ ከሆነ ላላ ያለና ለስላሳ ይሁን፣ ሐኪሙ እሺ እስኪል ድረስ ደሞ ባይታሰር ይመረጣል። ሹሩባ፣ ዊቪንግ፣ ሪላክሰር ለወራት የለም፣ ጠርዝ ለመመለስ የተሰራች ሴት ጠብቆ ወደሚሰራው ሹሩባ ከተመለሰች የተተከለውም ይነቀላል።

ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ የተተከለው ፀጉር ይረግፋል፣ ሥሩ ውስጥ አለ፣ አይዞሽ። ከባዱ ሌላው ነው፣ በዙሪያው የነበረው የራስሽ ፀጉርም በድንጋጤ ሊረግፍ ይችላል፣ ሴቶች ላይ ደሞ በሳሳ ፀጉር መሃል ስለሚተከል ይሄ ጎልቶ ይታያል፣ ለጥቂት ወራት ከመሰራትሽ በፊት ከነበረው የባሰ ልትመስዪ ትችያለሽ። ለዛ ጊዜ መሸፈኛ ቀድመሽ አዘጋጂ፣ ላላ ያለ ዊግ፣ የፀጉር ቀለም ያለው ፋይበር ዱቄት ሐኪሙ ሲፈቅድ። ከሶስተኛ አራተኛ ወር አዲሱ መውጣት ይጀምራል፣ ቀጭን ሆኖ ነው የሚመጣው፣ በወር 1 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል፣ ሙሉ መልኩን ለማየት አስራ ሁለት ወር፣ አንዳንዷ ላይ እስከ አስራ ስምንት ይፈጃል። በዘር የመጣ መሳሳት ያለባት ሚኖክሲዲሏን አታቁም፣ የተተከለው ባለበት ቢፀናም በመሃሉ ያለው የድሮው ፀጉር መቅጠኑን ይቀጥላል።

በዓመቱ እንደ መጀመሪያው በዛው ብርሃን፣ በዛው አከፋፈል ፎቶ አንሺና አስተያዪ። ሁለተኛ ዙር ቢያስፈልግ እንኳን ከዚህ በፊት አይወሰንም። ብዙው ግራፍት ካልበቀለ ወይ በቅሎ ከረገፈ ደሞ ሌላ ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት ቦታው ላይ ባዮፕሲ ይወሰድ፣ መጀመሪያ ያልታየ ጠባሳ የሚያመጣ በሽታ ከስር ሊኖር ይችላል።